የፋሲልን ግንብ ማን ሠራው? ጓያስ ሰው የሚጎዳው በምኑ ነው? ጎንደር ላይ በስህተት ስለምናምናቸው ነገሮች

ጎንደር ከተማ መሀል ቆመው «ግንቡን ማን ሠራው?» ብለው ቢጠይቁ «ፖርቱጋሎች» የሚል መልስ ደጋግመው ይሰማሉ። ቀይ ጤፍ ደም ይሆናል፣ ጥሬ ሥጋ አረቄ ከጠጡበት አይጎዳም፣ ራስ ዳሽን በአፍሪካ አራተኛው ተራራ ነው፣ ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ ሽባ ያደርጋል የሚሉትም በየቤቱ የሚነገሩ ናቸው። አምስቱም ስህተት ናቸው። ይሁን እንጂ አንዳቸውም ከባዶ ሜዳ አልተነሡም። ሰው መጀመሪያ አንድ እውነተኛ ነገር አይቷል፤ የተሳሳተው ካየው ነገር ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ ላይ ነው። ስለዚህ «ውሸት ነው» ብሎ ማለፍ ማንንም አያሳምንም። መነሻ የሆነችውን እውነት ፈልጎ አግኝቶ፣ ሐሳቡ ከየት ጀምሮ መንገድ እንደሳተ ማሳየት ይሻላል። ከነዚህ ስህተቶች አንዳንዱ ታሪክን ያዛባል፣ አንዳንዱ ደግሞ እግር ያሳጣል።

በግንቡ እንጀምር። ፖርቱጋሎች ወደ አገራችን መምጣታቸው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1541 በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ወታደሮች ምጽዋ ላይ ወርደው፣ ከግራኝ አህመድ ጋር በተደረገው ጦርነት ከአፄ ገላውዴዎስ ጎን ተሰልፈዋል። ከሞት የተረፉት ብዙዎቹ እዚሁ ወልደው ከብደው ቀሩ። ከነሱ በኋላ የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር (ጀስዊት) የካቶሊክ ሚስዮናውያን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ትልቅ ተሰሚነት ነበራቸው። ከነሱ አንዱ የሆነው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ጎርጎራ ላይ፣ ጣና ዳር፣ ለንጉሡ ቤተ መንግሥት አሠርቷል። በኖራ መገንባት የተስፋፋውም በዚያው ዘመን ነው። እንግዲህ «ፖርቱጋሎች» የሚለው መልስ የተመሠረተው በዚህ ሁሉ እውነት ላይ ነው።

አሁን ዓመቶቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ፓኤዝ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1622 ነው። አፄ ፋሲለደስ የነገሡት በ1632 ሲሆን፣ ወዲያው የአባታቸውን የካቶሊክ ሃይማኖት ሽረው ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት ደግሞ በ1636 ገደማ ነው። ግንቡ ሲሠራ ሚስዮናውያኑ ከተባረሩ ቆይተዋል፤ ያባረሯቸውም ግንቡን ያሠሩት ንጉሥ ራሳቸው ናቸው። በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ ጎንደር የገባው ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ ቤተ መንግሥቱን በዓይኑ አይቶ ጽፎለታል። እሱ እንደሚለው ሥራውን የመራው ባለሙያ ሕንዳዊ ነው። የሕንዷ ጎዋ በዚያን ዘመን በፖርቱጋል እጅ ስለነበረች፣ የፖርቱጋል የግንባታ ስልት በሕንዳዊ እጅ በኩል ጎንደር ሊደርስ ይችላል። እዚህ ድረስ ያለው ተፅዕኖ አይካድም። ከዚህ አልፎ «ፖርቱጋሎች ሠሩት» ማለት ግን የዘመን ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ማንበብ ነው።

ግንቡ ሥር ቆሞ ድንጋዩን ማየትም ይረዳል። ግድግዳው እዚሁ አካባቢ የሚገኝ ጥቁር ቡናማ ድንጋይ ነው፤ በኖራ ተያይዟል። በሮቹንና መስኮቶቹን የከበበው ደግሞ ለመጥረብ የሚቀለው ቀይ ድንጋይ ነው። በአራቱ ማዕዘን የቆሙት ክብ ማማዎች አናታቸው እንደ እንቁላል ነው። ይህን ድንጋይ ፈልፍሎ፣ ጠርቦና ኖራውን አቃጥሎ ግድግዳውን ያቆመው የአገሩ ሰው ነው። ከነዚህ አናጺዎችና ግንበኞች መካከል ቤተ እስራኤላውያን ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ፤ ከጎንደር አጠገብ ያለችው የወለቃ መንደር ሸክላ ሠሪዎች የዚያ የእጅ ሙያ ወራሾች ነበሩ። ሥራውም በአንድ ንጉሥ አላበቃም። አጥሩ ውስጥ የአፄ ፋሲል ብቻ ሳይሆን የአድያም ሰገድ ኢያሱ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎችም አሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከ100 ዓመት በላይ ይሆናል። መቶ ዓመት ሙሉ፣ ትውልድ ከትውልድ እየተማረ የገነባን ሕዝብ ሥራ አገር ለቀው ለሄዱ ሰዎች አሳልፎ መስጠት ያሳዝነኛል። በተለይ ለጉብኝት የመጡ ተማሪዎች ይህንኑ እየሰሙ ሲመለሱ።

የቦታ ስሞችም ያሳስታሉ። «የሰሜን ተራሮች» ለምን እንዲህ እንደተባሉ ቢጠየቅ፣ «ሰሜን ስለሆኑ» የማይል የለም። ከጎንደር ከተማ ለሚያያቸው ልክ ነው፤ ደባርቅ በሰሜን በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስሙ ግን ከጎንደር ከተማ እጅግ የሚቀድም ነው። ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕር ጥንታዊ ወደብ በሆነችው አዱሊስ ላይ ቆሞ ያገኘውን የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ ገልብጦ አስቀርቶልናል። በጽሑፉ ላይ አንድ ጥንታዊ የአክሱም ንጉሥ ስለዘመቻው ሲናገር፣ ከወንዝ ማዶ ያሉ «ሰሜናይ» የሚባሉ ሰዎች፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ በሚውጥበት ተራራ ላይ እንደሚኖሩ ይጠቅሳል። ንጉሡ አክሱም ላይ ሆኖ ሲያያቸው ተራሮቹ የሚገኙት በደቡብ በኩል ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት፣ ቃሉ በጥንት ግእዝ «ደቡብ» ማለት ነበር። የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ደቡብ እየወረደ ሲሄድ ተራሮቹ ከንጉሡ በስተሰሜን ስለቀሩ፣ የቃሉም ትርጉም አብሮ ዞረ። ስለዚህ ተራሮቹ ስማቸውን ዛሬ ሰሜን ከምንለው አቅጣጫ አልወሰዱም፤ ያንን አቅጣጫ «ሰሜን» ያሰኙት እነሱ ናቸው።

የራስ ዳሽን ነገር አጭር ነው። በድሮ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ቁመቱ 4,620 ሜትር ተብሎ ታትሞ ነበር፤ በዚያ ልኬት ከታንዛኒያው ሜሩ ተራራ በልጦ አራተኛ ይወጣል። በኋላ የተደረጉት ልኬቶች ግን 4,550 ሜትር አካባቢ አደረጉት፤ ሜሩ ደግሞ ከ4,560 ይበልጣል። በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ያሉትን የርዌንዞሪ ተራሮች ጫፎች አንድ በአንድ ለሚቆጥር ደረጃው ከዚያም ይወርዳል። ለኢትዮጵያ ግን አሁንም ከፍተኛው እሱ ነው። በነገራችን ላይ የአገሩ ሰው የሚጠራው «ራስ ደጀን» እያለ ነው፤ «ዳሽን» የሚለው በውጭ ሰዎች አጻጻፍ ዞሮ የመጣ ነው።

የአስተዳደር ስሞቹም ሰው ያደናግራሉ። ቀድሞ «በጌምድርና ሰሜን» ይባል የነበረው ጠቅላይ ግዛት በኋላ የጎንደር ክፍለ ሀገር ሆነ። አሁን በክፍለ ሀገሩ ምትክ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር የሚባሉ ዞኖች አሉ። ጎንደር ከተማ ለረጅም ጊዜ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ስለነበረች፣ ዛሬም «ሰሜን ጎንደር» ሲባል ብዙ ሰው ወደ ከተማዋ ያስባል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የሰሜን ጎንደር ዋና ከተማ ደባርቅ ነው፤ ጎንደር ያለችው ማዕከላዊ ጎንደር ውስጥ ነው። ዕቃ የሚልክ ወይም ማስረጃ የሚያጽፍ ሰው ይህን ቢያውቅ ከብዙ ምልልስ ይድናል። ደብረ ብርሃን ሥላሴም እዚሁ ጎንደር፣ በአድያም ሰገድ ኢያሱ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከሸዋዋ ደብረ ብርሃን ከተማ ጋር በስም እንጂ በሌላ አይገናኝም።

ስምና ምግብ የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ፤ ሰሊጥ። በዓለም ገበያ «የጎንደር ሰሊጥ» የሚባል ዓይነት ስላለ፣ ከተማዋ ዙሪያ የሚበቅል የሚመስላቸው አሉ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ደጋማ ከተማ ናት፤ ሰሊጥ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። የሚበቅለው ታች ቆላው ላይ፣ መተማና ቋራ ነው። ስሙን የሰጠው ንግዱ እንጂ እርሻው አይደለም።

በርበሬም እንዲሁ። ያለ በርበሬ የኖረ አበሻ ይኖራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል፤ ነገር ግን የበርበሬ ተክል የተገኘው አሜሪካ ነው። ወደ ሌላው ዓለም የወጣውም ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ከተሻገረ በኋላ ነው። በቆሎና ድንችም የመጡት ከዚያው ነው። ከነዚያ ዘመናት በፊት የነበሩ እናቶች ወጡን የሚያጣፍጡትና የሚያቃጥሉት በዝንጅብል፣ በጥምዝ፣ በቁንዶ በርበሬና በኮረሪማ ነበር። ኮረሪማ ግን የራሳችን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የበቀለ ነው።

ወደ ጤና ስንመጣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀይ ጤፍ ደም ይሆናል የሚለው እምነት መነሻው የላቦራቶሪ ቁጥር ነው። ጤፍ ሲለካ የአይረን (ሰውነት ደም ለመሥራት የሚፈልገው የብረት ማዕድን) መጠኑ ከሌሎች እህሎች በጣም በልጦ ተገኝቷል። ታዲያ ያ ሁሉ አይረን ከየት መጣ? አውድማው በእበት ይለቀለቃል፣ ነዶው ይዘረጋል፣ በሬዎች እየዞሩ ያበራዩታል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኗ አፈር ይጣበቅባታል፤ ቀያይ አፈራችን ደግሞ በአይረን የበለጸገ ነው። ፍሬው በደንብ ታጥቦ ሲለካ ቁጥሩ በእጅጉ ይወርዳል። ከአፈር የመጣውን አይረን ሰውነታችን የሚጠቀምበት በጥቂቱ ነው። ይህ ጤፍን አያሳንሰውም፤ መልካም እህል ነው፣ ሊጡ ሲቦካም በውስጡ ያለው ማዕድን ለሰውነት ይበልጥ ይመቻል። ችግሩ የሚመጣው ነፍሰ ጡር ሴት «ቀይ ጤፍ እየበላሁ ነው» ብላ ጤና ጣቢያ የሰጣትን የአይረን እንክብል ስትተው ነው። እባካችሁ፣ እንጀራው እንክብሉን አይተካም። ምግብ እንደበሉ ወዲያው ሻይ ወይም ቡና መጠጣትም አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግድ፣ ትንሽ ቆየት ብሎ መጠጣት ይሻላል።

ጥሬ ሥጋንና አረቄን በተመለከተ ደግሞ፣ ሰው «ስንቴ በልቼ ምንም አልሆንኩም» ይላል። ይህም የሚሆነው የኮሶ ትል የሚታይ ሆኖ ለመውጣት ከሁለት እስከ ሦስት ወር ስለሚፈጅበት ነው። ከመስቀል በዓል ሥጋ የገባው ትል የሚታወቀው በገና አካባቢ ነው፤ ያኔ የመስቀሉን ቁርጥ ማን ያስታውሳል? የትሉ እጭ በከብቱ ጡንቻ ውስጥ ሽፋን ለብሶ ይቀመጣል። አረቄው ሆድ ውስጥ ከምግቡ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቀጥን እጩን መግደል አይችልም፤ አዋዜና ሚጥሚጣም እንደዚያው። የቄራ ማኅተም አደጋውን ይቀንሳል፣ ግን ትንንሽ እጮች ከምርመራ ዓይን ሊያመልጡ ይችላሉ። እጩን በትክክል የሚገድለው ውስጡ ቀይ እስከማይሆን ድረስ ማብሰል ነው፤ ወይም ሥጋውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን ያህል ማቀዝቀዝ። ትሉ ከተገኘ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ፤ የኮሶ አበባ ግን መጠኑ ካለፈ ራሱ ይመርዛል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ወደ ጓያ ልምጣ። ደምቢያና ፎገራ ላይ፣ ጣና ዙሪያ ባለው ዋልካ መሬት፣ ክረምቱ ሲወጣ ጓያ በቀረው እርጥበት ይዘራል። ብዙ እርሻ አይፈልግም፣ ዝናብ ቢበዛም ቢጠፋም ይችላል። ጤፉና ሽምብራው በጠፉበት ዓመት እሱ ብቻ ቆሞ ይገኛል። ድሃ ገበሬ የሚወደው ለዚህ ነው፤ ሰው የሚጎዳውም በዚሁ ምክንያት፣ ሌላ እህል ባልቀረበት ዓመት ነው።

በሽታው ድንገት ሊይዝ ይችላል። ባት ይጨብጣል፣ እግር ይከብዳል፣ ከዚያም ይደርቃል። ተረከዝ መሬት አይነካም፤ ሰውየው በጣቶቹ ይሄዳል፣ ጉልበቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። አንዳንዱ ያለ በትር፣ አንዳንዱ በአንድ በትር፣ አንዳንዱ በሁለት ይሄዳል፤ የባሰበት በእጁ እየዳኸ ይቀራል። አእምሮው እንደነበረ ነው፣ ዕድሜውም አያጥርም፤ እግሩ ግን አይመለስም። ብዙውን ጊዜ የሚያዙት ደግሞ ወጣት ወንዶች፣ የቤቱ አራሾች ናቸው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ደምቢያና ፎገራ ላይ ቤት ለቤት ያደረጉትንና እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙትን ጥናት ተከትሎ፣ የችግሩ ስፋት በሚገባ ታወቀ።

ስለ ምክንያቱ ሲጠየቅ ብዙ ገበሬ የሚለው፣ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው፤ ወይም የጓያ ማሳ አቋርጦ ማለፍ፣ ወይም ገለባው ላይ መተኛት። ከዚህ የተነሣ ድስቱን ከቤት ውጭ የሚጥዱ፣ ክዳኑን ሲከፍቱ ፊታቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ እናቶች አሉ። መነሻው ይገባኛል። በሽታው የሚመጣው በየቤቱ የጓያ ድስት ሌት ተቀን በሚፈላበት ወቅት ነው፤ እንፋሎቱ ይታያል፣ ይሸታል፣ ቤቱን ይሞላል። ንፍሮውን ግን ሁሉም ሰው ይበላዋል፣ ሁሉም ሰው አይታመምም። ታዲያ ሰው የሚጠረጥረው እንፋሎቱን ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስቡ። ድስቱ አጠገብ የምትውለው ሴቷ ናት። እንፋሎቱ ቢሆን ኖሮ ከወንዱ ይልቅ የምትያዘው እሷ ነበረች። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። መርዙ በአጭሩ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ ነው፤ ፍሬው ውስጥ ነው ያለው፤ በእንፋሎት አይተንም፤ በቆዳም አይገባም። የሚገባው በአፍ ብቻ ነው። ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርሱትን ነርቮች የሚጎዳውም፣ ጓያ ለሁለት ለሦስት ወር ያህል የቤቱ ዋና ምግብ ሲሆን ነው። አልፎ አልፎ ሽሮ ውስጥ የገባ ጓያ ሰው አያሽመደምድም። እናትየው ፊቷን ሸፍና፣ ልጇን ከድስቱ አርቃ፣ ከዚያ ያንኑ ንፍሮ በሳህን ስታቀርብለት ነው ልብ የሚሰብረው። ጥንቃቄው ሁሉ አለ፤ የተጠነቀቁለት ነገር ግን አደጋው አይደለም።

ጓያ ከመብላት ሌላ ምርጫ በሌለበት ዓመት ምን ይደረግ? መርዙ በውኃ ስለሚሟሟ ጓያውን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደርና ውኃውን መድፋት፣ ሲቀቅሉም የመጀመሪያውን ውኃ ደፍቶ በአዲስ መቀቀል ብዙውን ያስወጣዋል፤ ሁሉንም ግን አያስወጣም። ያን ውኃ ለመጠጥም ለወጥም አለመጠቀም ነው። እሸቱን ማሳ ላይ እየሸለቀቁ መብላት፣ ቆሎውንና ንፍሮውን ለብቻው መመገብ ይበልጥ አደገኛ ነው። ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር ተፈጭቶ፣ ቦክቶ እንጀራ ሲሆን ግን ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም እህሎቹ ጓያ የሚያንሰውን፣ ነርቭን ለመጠበቅ የሚረዳውን የፕሮቲን ዓይነት ይይዛሉ። የጓያው ድርሻ ከሲሶ ባይበልጥ ይመረጣል። ስለዚህ በችግር ዓመት የተገኘችውን ጥቂት እህል ቀድሞ ጨርሶ ጓያውን ለብቻው ከመብላት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየቀላቀሉ ማቆየት ይሻላል። እርዳታ የሚያከፋፍሉ ሰዎችም ስንዴውን ጓያ ከመታጨዱ በፊት ቢያደርሱ ብዙ እግር ያድናሉ። ተመራማሪዎች መርዙ ያነሰበት «ዋሴ» የተባለ ዝርያ አውጥተዋል፤ ዘሩን ከወረዳው የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል። ጓያ እየተበላ ባለበት ቤት አንድ ሰው፣ በተለይ ጎረምሳ ልጅ፣ ባቱን ቁርጠት ሲይዘው ወይም ሲነሣ እግሩ ሲንቀጠቀጥና ሲከብደው፣ ጓያውን በዚያው ቀን አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።